የሚመሳሰሉ ቃላት ወጥመድ፤ ፍትሐ ብሔሩ በሦስት ቋንቋዎች

ሁለት ቋንቋዎች በቃላት መልክ በተቀራረቡ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው መተርጎም ይቀላል የሚለው ግምት፣ ነገሩ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ሲሆን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የኖርማንዲው መስፍን እንግሊዝን ከያዘበት ከ1066 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥትና ፍርድ ቤት ለረጅም ዘመን በፈረንሳይኛ ሲሠሩ በመኖራቸው፣ እጅግ ብዙ የእንግሊዝኛ የሕግ ቃላት ከዚያው የፈለቁ ናቸው፤ ነገር ግን ባሕር ከተሻገሩ በኋላ መልካቸውን እንደያዙ ትርጉማቸውን ለውጠዋል። እንግሊዞች የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣን የሚጠሩበት «ሞርጌጅ» ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ የተወረሰ፣ ቃል በቃልም «የሞተ መያዣ» ማለት ሲሆን፣ ፈረንሳዮች ራሳቸው ዛሬ ለዚሁ ውል የሚጠቀሙት ከግሪክ የመጣውን «ኢፖቴክ» ነው። እንግሊዞች ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የሚሰጡት «ቶርት» የሚለው ስምም የፈረንሳይኛ ቃል ሆኖ ሳለ፣ ፈረንሳዊ የሕግ ሰው ለዚህ የሕግ ክፍል መጠሪያ አያደርገውም።

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ከየትም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ነው። የሕጉን ረቂቅ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አዘጋጁ፤ ረቂቁ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ 3,367 አንቀጾች ያሉት ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። አስገዳጁ ቃል የአማርኛው ነው፤ የሕግ ትምህርት የሚሰጠው ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው አስቀድሞ የሚያነበው የእንግሊዝኛውን ቅጂ ነው። በአዳማ ወይም ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በደራ የሚያስችል ዳኛ ደግሞ፣ የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ በእንግሊዝኛ የተማረውን፣ በአማርኛ የጸናውንና በፈረንሳይኛ የተፀነሰውን ሕግ በአራተኛ ቋንቋ ይፈርድበታል። በእነዚህ አራት ቋንቋዎች መካከል ስህተት በቀላሉ የሚገባው በሚመሳሰሉት በሁለቱ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ መካከል ነው፤ ከሁለቱም ጋር ዝምድና የሌለው አማርኛ ቃሉን እንዳለ መቅዳት ስለማይችል ትርጉሙን ፈልጎ ለማግኘት ተገድዷል፤ ስለዚህም የፈረንሳይኛው ረቂቅ ምን ማለቱ እንደነበረ ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛው ይልቅ አማርኛው በታማኝነት ይመሰክራል።

ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ያለውን መመልከት ይበቃል። የእንግሊዝኛው ቅጂ የፈረንሳይኛውን «አብሳንስ» በዚያው መልክ ወስዶታል። በተለመደው እንግሊዝኛ ቃሉ ከቦታ መቅረትን፣ ተማሪ ከክፍል ወይም ሠራተኛ ከሥራው መጉደሉን ያመለክታል፤ በፈረንሳይ ሕግ ግን የት እንዳለ የማይታወቅ፣ በሕይወት ይኑር ይሙት የሚያጠራጥር ሰው የሚገኝበት ሁኔታ መጠሪያ ነው። የአማርኛው ሕግ «መጥፋት» አለው። ከአርሲ ተነሥቶ ወደ ዓረብ አገር የሄደ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ልጅ ያለው ቤተሰብ «ልጃችን ጠፋብን» ይላል እንጂ «ቀረብን» ብሎ አያቆምም፤ ሕጉም የመጥፋት ውሳኔ ለመጠየቅ ያስቀመጠው ጊዜ እነዚሁ ሁለት ዓመታት ናቸው። የቤተሰቡ አነጋገርና የዳቪድ ሐሳብ አንድ ቦታ የተገናኙት በአማርኛው ነው።

«ሞራል» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። በፈረንሳይኛ ቃሉ ከግብረ ገብ በተጨማሪ ግዙፍ ያልሆነውን፣ በመንፈስ ላይ የሚደርሰውን ሁሉ ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ግን አንባቢው በቅድሚያ የሚያስበው ምግባርን ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን አንቀጽ 2105 ብቻ ያነበበ ሰው ጉዳቱ የደረሰው በተበዳዩ ጠባይ ላይ ሊመስለው ይችላል። አማርኛው «የሕሊና ጉዳት» ብሎ ኀዘንንና ውርደትን ወደሚሸከመው ክፍል አመልክቷል፤ ካሳውን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ የወሰነው አንቀጽ 2116 ዛሬ እጅግ የሚያንስ ቢሆንም፣ ካሳው ስለ ምን እንደሚከፈል ግን የአማርኛው ስም ለማንም ግልጽ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ በአንቀጽ 3117 የሚጀምረው ውል ነው። ባለዕዳ የማይንቀሳቀስ ንብረቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪውም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ንብረቱን ይዞ ፍሬውን በወለዱ ፈንታ ይወስዳል። የፈረንሳይ ሕግ ይህን እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ በግሪክኛ ሥር «አንቲክሬዝ» ይለው ነበር፤ የእንግሊዝኛው ተርጓሚ ጫፉን ብቻ ለውጦ «አንቲክሬሲስ» ብሎ አለፈው፤ በእንግሊዝ የሕግ ትምህርት ያደገ ሰው ግን ይህን ቃል መዝገበ ቃላት ሳይከፍት አይረዳውም። የአማርኛው ሕግ ያቀረበው «ወለድ አግድ» የሚለውን፣ የገበሬውን ቃል ነው። ስሙ የውሉን አሠራር በሁለት ቃል ይናገራል፤ የመሬቱ ፍሬ ለአበዳሪው ስለሚገባ ወለዱ ይታገዳል፣ ገንዘቡ ባለበት ይቆማል፣ ባለዕዳው የተበደረውን ያህል በመለሰ ጊዜ ንብረቱን ያስለቅቃል። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ እንኳ ቃሉ ከገበሬው አንደበት አልጠፋም። ሊቁ ከሮማና ከፈረንሳይ መጻሕፍት ያወጣው ነገር በአገሩ ስም ወጥቶለት ይጠብቀው ነበር፤ ቃሉን ያስታወሰው ተርጓሚም ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል።

ፈረንሳይኛ ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ቀደም ሲል በሌላ በር ገብቶ እንደነበር ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው 784 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በወለንጪቲ፣ በአዳማና በሞጆ ሲያልፍ የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። «ፉርጎ» የመጣው ከዚያ ነው፤ በፈረንሳይኛ ለዕቃ መጫኛው ብቻ የሚባለውን የአገሩ ሰው ለተሳፋሪውም ሰጠው። ይህ በጆሮ የመጣ ቃል ስለሆነ ሕዝቡ እንደወደደው አሰፋው፣ ማንም አልተጎዳበትም፤ የሕግ ቃል ግን በተርጓሚ እጅ የሚመጣና በሰው ንብረት ላይ የሚፈርድ በመሆኑ እንዲህ ሊለቀቅ አይችልም።

አማርኛው ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። አንድ ባለይዞታ በጎረቤቱ ይዞታ ላይ ለምሳሌ ከብቱን ወደ ውኃ የሚያሳልፍበትን መብት ፈረንሳዮች «ሰርቪቱድ» ይሉታል፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ ቃሉን እንዳለ ስለወሰደ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ባርነትን የሚያስታውስ ሆኗል፤ አማርኛውም «የንብረት አገልግሎት» በማለቱ፣ አገልግሎት የሚለው ቃል ዛሬ የመሥሪያ ቤትና የድርጅት ሥራ መጠሪያ ሆኖ ስለተስፋፋ፣ ሐሳቡን ጥላ አጥልቶበታል። እንዲህ ባለ ቦታ ወደ ፈረንሳይኛው ረቂቅ መመለስ ግድ ይላል።

አሁን የሚያሳስበው ሕጉ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚሻገርበት መንገድ ነው። ባለሙያው በእንግሊዝኛ የተማረ በመሆኑ እጁ አስቀድሞ የሚዘረጋው ወደ እንግሊዝኛው ቅጂ ነው፤ «አንቲክሬሲስ»ን ከዚያ አንሥቶ በቁቤ ፊደል ቢጽፈው ፈረንሳይኛው የግሪክን፣ እንግሊዝኛው የፈረንሳይን፣ አፋን ኦሮሞው ደግሞ የእንግሊዝኛን ጥላ የሚከተል ይሆናል። ከአማርኛው ቢነሣ ግን የሚያገኘው በተግባር የተሠራበትን ውል ነው፤ ቀጥሎ መዝገበ ቃላቱን አጥፎ በደራ ገበያ ከተሰበሰቡ የአርሲ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዶ፣ መሬቱን ለአበዳሪው ሰጥቶ ፍሬውን በወለድ ፈንታ የሚያስበላ ሰው ይህን ነገር በቋንቋው ምን ብሎ እንደሚጠራው ሊጠይቃቸው ይችላል።