ዶሮ ስለ ጮኸ ነውን የነጋው?



በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋና በጎጃም ደመናን የማበልጸግ ሙከራ መደረጉ በይፋ ሲነገር፥ ከሰሚው ግማሹ አጨበጨበ፤ ግማሹም «በእግዜር ሥራ ገቡ» ብሎ ተሳለቀ። በጭብጨባውና በሣቁ መካከል የጠፋው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቅመሙ ባይረጭ ኖሮ ስንት ሚሊሜትር ይዘንብ ነበር?

እንደ ሲልቨር አዮዳይድ ያለ ቅመም የሚረጨው ቀድሞውኑ ውሃ ባዘለ ደመና ላይ ነው። ከጠራ ሰማይ ጠብታ የሚያወርድ ቅመም የለም። እንግዲያው ከርጭቱ በኋላ መዝነቡን በማስረጃነት ማቅረብ፥ ዶሮ ስለ ጮኸ ነጋ ማለት ነው።

ያልተረጨበትን ያንኑ ደመና ተመልሶ ሊለካው የሚችል የለም። የኮምፒዩተር ሞዴል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የዕለቱን ነፋስ፥ ሙቀትና እርጥበት ተቀብሎ አንዱን ደመና ሁለት ጊዜ ያሰላዋል፤ አንድ ጊዜ ከነቅመሙ፥ አንድ ጊዜ ያለ ቅመሙ። ልዩነቱ የቅመሙ ድርሻ ነው። አስቀድሞም የትኛው ደመና፥ በስንት ሰዓት ለርጭት እንደሚመች ይጠቁማል።

ነገር ግን ያልተፈተነ ሞዴል ከጥንቆላ አይሻልም። አሜሪካኖች በ2017 እ.ኤ.አ. በአይዳሆ ተራሮች ላይ ሲሠሩ፥ አይሮፕላኑ ቅመሙን በረጨበት መሥመር በረዶ ሲፈጠር በራዳር አዩ፤ ሞዴላቸውንም በዚሁ ልኬት መዘኑት። እስራኤል ደግሞ ከ2013 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የሚረጭበትን ቀን በዕጣ እየለየች ሞከረች፤ ጭማሪው 1.8 ከመቶ ገደማ፥ ከአጋጣሚም የማይለይ ሆኖ ቢገኝ ሥራውን አቆመች። ይህ ውርደት አይደለም። ለማቆምም ቁጥር ያስፈልጋል!

እኛስ? ደብልዩ አር ኤፍ የተባለው የአየር ጠባይ ሞዴል በነፃ ይገኛል። ችግሩ ልኬቱ ላይ ነው፤ በተራራው ላይ የዝናብ መለኪያ ካልቆመ ሞዴሉ በምን ይፈተናል? መምህሮቻችንም ይስሙን፤ የደመናን ፊዚክስ ከሰሌዳ ገልብጦ ለፈተና ማቅረብ ሰልችቶናል። እውነተኛ ደመና እንድናሰላ ይፈቀድልን።

በተስፋው ተማምኖ ቀድሞ የሚዘራ ገበሬ ቢኖር፥ ዝናቡ ቢቀር ዘሩን የሚያጣው እርሱ እንጂ መግለጫ ሰጪው አይደለም። ስለዚህ የርጭቱ መዝገብ፥ ማለት ቦታው፥ ሰዓቱና የቅመሙ መጠን ለዩኒቨርስቲዎች ይሰጥ። ውጤቱ ዜሮ ቢሆን ዜሮ ተብሎ ይታተም። ማኅበራችንም ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርብ።