ለአይጧ ማን ይፈርምላታል?

በመሥሪያ ቤት የሚውሉ ከሆነ ዶሴ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እንዴት እንደሚሄድ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። አመልካቹ ማመልከቻውን ያስገባል፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዱ አይቶ ለሌላው ይመራዋል፤ በመጨረሻም «ይፈጸም» የሚል ቃልና ፊርማ ያርፍበታል። ተማሪ ከሆኑም ከጥቂት ዓመት በኋላ ይህ ዕጣ ይደርስዎታል። ዛሬ የማጫውትዎ ስለ አንድ ማመልከቻ ነው። ልዩ የሚያደርገው፣ ጉዳዩ ከሁሉ ይበልጥ የሚነካት ወገን ማንበብም መጻፍም የማትችል መሆኗ ነው፤ አይጥ ናትና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማስተምራቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ያዘጋጀውን ሁለት ገጽ የምርምር እቅድ አመጣልኝ። ጽሕፈቱ ያማረ፣ ሥዕሉ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። አሳቡም ከቤታቸው ጓዳ አንዲት አይጥ አጥምዶ፣ በአንጎሏ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አስገብቶ፣ ሽቦውን ከዘጠኝ ቮልት ባትሪ ጋር አገናኝቶ፣ አይጧ ራሷ ማብሪያውን እየተጫነች ኤሌክትሪክ ስትወስድ ለጎብኚ ማሳየት ነው። ከግርጌው «የመምህሩ ፈቃድ» የሚል መሥመር ተሰምሯል።

እውነቱን ልናገርና ብዕሬን አውጥቼ ነበር። ተማሪው በራሱ ተነሣሥቶ አንብቦ ሲመጣ የማይደሰት መምህር የለም። ያቆመኝ ደወሉ ነው፤ ክፍል መግባት ነበረብኝና ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ጀመርሁ።

ልጁ ያነበበው ታሪክ እውነተኛ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።) ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በካናዳ አገር፣ በሞንትሪያል ከተማ፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ነበር። ከአይጦቹ በአንዷ ላይ ግን ሽቦው ካሰቡለት ቦታ ስቶ ሌላ ቦታ አረፈ። አይጧም ኤሌክትሪክ ወደተሰጣት ማእዘን እየተመላለሰች ትሄድ ጀመር። ከዚያ በኋላ አይጦቹ ራሳቸው እየተጫኑ ኤሌክትሪኩን የሚያገኙበት ሣጥን ተሠራላቸው፤ ውጤቱም በ1954 ታትሞ ወጣ። በኋላ እንደታየው አንዳንዶቹ አይጦች በሰዓት እስከ 2000 ጊዜ ይጫኑ ነበር። በ1965 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለመብላት በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ከተሰጣቸው አይጦች አንዳንዶቹ ምግቡን ትተው ኤሌክትሪኩን መረጡ፤ በረሃብም ተጎዱ። በአንጎል ውስጥ ደስታን የሚያንቀሳቅስ ሥፍራ መኖሩ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ልጁ ይህን ቢደግመው ምን አለበት? እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን እቅዱን ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ፣ ጥያቄ የሚል ነገር አጣሁበት። «ለማሳየት» ይላል እንጂ «ለማወቅ» አይልም። ኦልድስና ሚልነር ያገኙት መልስ ከተገኘ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የታወቀን ነገር ለማሳየት ብሎ የአንዲት ፍጥረት የራስ ቅል መብሳት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የሚነገር አንድ ትልቅ ትርኢት አለ። ሆሴ ዴልጋዶ የተባለው ስፔን የተወለደ የየል ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስፔን አገር፣ በኮርዶባ፣ በኮርማ አንጎል ውስጥ በሬዲዮ የሚታዘዝ ሽቦ አስገብቶ ሜዳው ላይ ቆመ። ኮርማው እየጋለበ ሲመጣበት በእጁ የያዘውን መሣሪያ ተጫነ፤ ኮርማውም ቆመ። በ1965 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ወሬውን በፊት ገጹ አወጣው፤ ዓለምም «ቁጣን በቁልፍ ማጥፋት ተቻለ» ብሎ ተደነቀ። በኋላ ግን ኢሊየት ቫለንስታይን የተባለ ሌላ ተመራማሪ በ1973 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን መርምሮ ሌላ ፍቺ ሰጠው። ኤሌክትሪኩ የነካው የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚመራ ክፍል ስለሆነ፣ ኮርማው ተገድዶ ዞረ እንጂ ቁጣው ጠፋ ለማለት ማስረጃ የለም አለ። አስተውሉ፤ የሜዳው ድፍረት እውነት ነው፤ የኮርማው መቆምም እውነት ነው። ያልተረጋገጠው ትርጓሜው ነው። ስለዚህ ማመልከቻ መርማሪ «ውጤቱ ይህ ቢሆን ሌላ ምን ትርጓሜ ሊኖረው ይችላል? ያንንስ በምን ትለየዋለህ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ሽቦ ገብቶላቸው ኤሌክትሪክ የማይሰጣቸው እንስሳት ለማነጻጸሪያ የሚያዙትም፣ ከሙከራው በኋላ አንጎሉ እየተቆረጠ ሽቦው የት እንዳረፈ በማጉያ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። ተማሪዎች ይህን ከኬሚስትሪ ትምህርታችሁ ታውቁታላችሁ። ጨው የገባበት ውሃ ውስጥ ሁለት የመዳብ ሽቦ ነክረን ከባትሪ ጋር ብናገናኝ በአንደኛው አረፋ ይወጣል፤ ሌላው እየተበላ ይሄዳል። አንጎልም እርጥብና ጨው ያለበት ነው። የባትሪ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚፈስ በሽቦው ጫፍ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ያቃጥላል፤ መዳብ ደግሞ ለአንጎል መርዝ ነው። ኦልድስና ሚልነር ራሳቸው የተጠቀሙት አቅጣጫው በሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መጠን በአምፒር ሚሊዮንኛ የሚለካ፣ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ የማይሞላ ምት ሲሆን፣ ወዲያው በተቃራኒው አቅጣጫ ሌላ ምት ያስከትሉበታል። የልጁ ዘጠኝ ቮልት ግን አይጧን ደስ ማሰኘቱ ቀርቶ አንጎሏን ያበላሸው ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ እጅግ ተራ ይመስላል፤ ቅዳሜና እሑድ ማን ያያታል? አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ ቆዳውና አንጎሉን የሸፈነው ስስ ልባስ ግን ይሰማቸዋል። ስለዚህ ማደንዘዣው ምንድን ነው? የሚሰጠውስ ማን ነው? ቁስሉ ቢመረቅዝ ምን ይደረጋል? ሙከራው በምን ምልክት ይቋረጣል? በልጁ ሁለት ገጽ ውስጥ ስለዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልነበረችም።

ፊርማ ብቻውን ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ አንድ የቆየ የፍርድ ቤት ታሪክ ያስረዳል። ዴቪድ ፌሪየር የተባለው ሐኪም ከ1873 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የእንስሳትን አንጎል በኤሌክትሪክ እየነካ የትኛው ክፍል የትኛውን እጅና እግር እንደሚያንቀሳቅስ ያጠና ነበር። በ1876 በእንስሳት ላይ ለሚደረግ ሙከራ ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑ በሕግ ተደነገገ። በ1881 ፌሪየር «ያለ ፈቃድ በጦጣ ላይ ሠርቷል» ተብሎ ለንደን ላይ ተከሰሰ። ነገር ግን ቀዶ ጥገናውን ያደረገው ጄራልድ ዮ የተባለ ባልደረባው መሆኑ፣ እርሱም ፈቃድ ያለው መሆኑ ስለተገለጠ ክሱ ወደቀ። ፍርድ ቤቱ እንደ ሕጉ ፈረደ። ሆኖም የተመረመረው ወረቀቱ በማን ስም እንደሆነ ነው እንጂ፣ ጦጣዎቹ የከፈሉት ዋጋ ለተገኘው እውቀት የሚመጥን መሆኑ አልነበረም።

እንግዲህ ሁሉንም «አይቻልም» ብሎ መመለስ ይሻላል ወይ? አይሻልም። እጁ እየተንቀጠቀጠ ስኒ መያዝ ያቃተውን የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ያስቧል? በ1987 በፈረንሳይ አገር፣ በግሬኖብል ከተማ፣ አሊም ሉዊ ቤናቢድ የተባለው ሐኪም በሰው አንጎል ውስጥ በገባ ሽቦ ፈጣን የኤሌክትሪክ ምት ሰጥቶ መንቀጥቀጥን ለማስታገስ ቻለ። በ1990 ደግሞ ማሎን ዲሎንግና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አገር የፓርኪንሰንን ምልክት በሚያመጣ መድኃኒት በታመሙ ጦጣዎች ላይ ሠርተው፣ አንዲት ትንሽ የአንጎል ክፍል ሥራዋን ስታቆም ሕመሙ እንደሚቀል አሳዩ። ሐኪሞች ያቺን ክፍል በኤሌክትሪክ ማከም የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ ዓይነት ሕክምና ሽቦ የገባላቸው ሰዎች ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው። እነዚያ ጦጣዎች ታመዋል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን የተጠየቀው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ መልሱም በሌላ መንገድ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም።

በ1959 ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በመጽሐፋቸው ይህን ሁሉ በሦስት ምክር ሰበሰቡት፤ በእንስሳ ፈንታ ሌላ ዘዴ ካለ እርሱን ያዝ፤ ከሌለ ቁጥራቸውን አሳንስ፤ ሥቃያቸውንም አቅልል የሚል ነው። ቁጥር ማሳነስ ሲባል ግን ከልክ በታች ማድረስ አይደለም፤ መልስ ለማግኘት የማይበቁ ጥቂት እንስሳትም በከንቱ ይሞታሉና። በአሜሪካ በ1985 የወጣው ሕግ ደግሞ የምርምር ተቋሞች እቅዱን የሚመረምር ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ከአባላቱ አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ አንዱም ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የውጭ ሰው መሆን አለበት። እኔን የማረከኝ ይህ የመጨረሻው ወንበር ነው። የሚቀመጥበት ሰው ሊቅ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ «ይህ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ለመጠየቅ የማያፍር ሰው ከሆነ ይበቃል። ያ ሰው እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ለልጁ መለስሁለት። በፈቃዱ መሥመር ላይ «አልፈቀድሁም» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩም ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ደረደርሁለት። ምክንያት የሌለው እምቢታ ምክንያት ከሌለው እሺታ አይሻልምና። ፊቱ ጠቆረ፤ ሆኖም ከሳምንት በኋላ በብርጭቆ የእንቁላል ነጭ ይዞ መጣ። ሁለቱን የመዳብ ሽቦዎች በውስጡ አስገብቶ ከዚያው ባትሪ ጋር አገናኛቸው። ጥቂት ቆይቶ ነጩ በአንደኛው ሽቦ ዙሪያ እንደተቀቀለ ረጋ፤ በሌላው ዙሪያ አረፋ ተነሣ። «የአይጧ አንጎል እንዲህ ይሆን ነበር» አለኝ። ኤግዚቢሽኑ ላይ ያቀረበውም ይህንኑ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ብርጭቆውን እየሰበሰበ ሳለ ግን ቀና ብሎ «መምህር፣ ባለፈው ዓመት በክፍል ለከፈትናቸው እንቁራሪቶች ማን ፈረመላቸው?» አለኝ። ማንም አልፈረመላቸውም። በየዓመቱ የሚደረግ ስለሆነ አድርገነዋል፤ ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። በዚያው ማታ ለልጁ የጻፍኋቸውን ጥያቄዎች በሌላ ወረቀት ገልብጬ፣ አመልካች በሚለው ላይ የራሴን ስም ጻፍሁ። ለሁለቱ መልስ አግኝቻለሁ። ለቀሩት እስካገኝ ድረስ በዚህ ዓመት የእንቁራሪቷን ትምህርት በሥዕል አስተምራለሁ።