ኮኑ ከተተከለ በኋላ የሚጮኽ ሕዝብ

ሰሞኑን የዳላስና የአካባቢዋ አበሻ ከቅዳሴ መልስም፣ በልደት ግብዣም፣ በቴሌግራም ግሩፕም የሚያወራው ስለ አንድ ፕላዛ ነው። የከተማው ስም ይቅር። እንጀራ መሸጫው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሐዋላው፣ ሁለቱ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፕላዛ ፊት ለፊት መንገዱ ተቆፈረ፤ መሀሉ ላይ የኮንክሪት ሚዲያን ተሠራ፤ ወደ ግራ ታጥፎ ፓርኪንግ መግባት ቀረ። ከማዶ የሚመጣ ደንበኛ እስከሚቀጥለው መብራት ሄዶ መዞር አለበት። ለክትፎ የማይዞር አበሻ አለ ብዬ ባላምንም ባለቤቶቹ ገበያው ቀዘቀዘ ይላሉ፤ አምናቸዋለሁ።

“ዘረኝነት ነው” አለ አንዱ። “ሊያስለቅቁን ነው” አለ ሌላው። ቲክቶክ ላይ ላይቭ ተከፈተ። ለጠበቃ የሚሆን ጎፈንድሚ እንክፈት ያለም አልጠፋ። ከባለቤቶቹ አንዷን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸውን ሴት፣ “ከከተማው ወረቀት አልመጣልዎትም ነበር?” አልኳቸው።

“ኧረ የኔ ልጅ፣ ስንቱ ወረቀት ይመጣል! ከፒዛው ኩፖን ጋር ጥዬው ይሆናላ!”

መጥቶ ነበር። የስብሰባው ቀንና ቦታ፣ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ስልክና ኢሜይል ያለበት ካርድ፣ ለሁሉም ሱቅ በፖስታ ደርሷል። በዚያው መንገድ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዳቦ ቤት ያላቸው ቬትናማዊት ስብሰባው ላይ ተገኝተዋል። እንግሊዝኛቸው ከእትዬ የሚሻል አይደለም፤ ሃይስኩል የምትማር ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ሄዱ። የዱቄት መኪና በየትኛው ሰዓት፣ በየት በኩል እንደሚገባ በእጃቸው ስለው አሳዩ። ዛሬ ሚዲያኑ እሳቸው በር ላይ ሲደርስ ክፍት ነው። እኛ በር ላይ ድፍን ነው። ይህን ዘረኝነት የሚለው ሰው ለቬትናማዊቷ ምን እንደሚል እንጃ።

እንዲህ ያለው ሥራ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በቦንድ ገንዘብ ነው። ቦንድ አዲስ ነገር አይደለም ለእኛ፤ የዓባይ ግድብን ቦንድ ገዝተናል፣ ያልገዛም የሽያጩ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ተቃውሟል። ያኔ ግን አበዳሪዎች ነበርን። እዚህ ተበዳሪዎቹ እኛው ነን፤ ከተማው ይበደራል፣ ዕዳው ከፕሮፐርቲ ታክስ ይከፈላል። “እኔ ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም” የምትሉ፣ አከራያችሁ ታክሱን ከኪሱ የሚከፍልላችሁ ይመስላችኋል?

ለምሳሌ ዳላስ በ2024 ለድምፅ ያቀረበችው ቦንድ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ነበር። አሥር ጥያቄ ቀረበ፤ 521.2 ሚሊዮን ለመንገድ፣ 345 ሚሊዮን ገደማ ለፓርክ፣ 26.4 ሚሊዮን ለመኖሪያ ቤት፣ የቀረው ለጎርፍ መከላከያ፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ፣ ለሌላም። ዘጠኙ አለፉ። የወደቀው ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የተጠየቀው 5 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ከአሥሩ ትንሹን መርጦ የጣለ መራጭ ወረቀቱን አንብቧል ማለት ነው። ለፓርክና ለቤት የተመደበውን እንደገና አስተያዩት። የፓርክ ወዳጆች ተደራጅተው ሲወተውቱ ከረሙ። ለቤት የተከራከሩት ደግሞ 200 ሚሊዮን ጠይቀው ያገኙት 26.4 ሚሊዮኑን ነው። የቤት ኪራይ የሚያንገበግበው አበሻ በዚያ ክርክር ውስጥ የት ነበር? እኔ አላየሁትም።

ድምፅ የተሰጠው ሜይ 4 ነው። ቀዳም ሥዑር ነበር። አውቃለሁ፤ ዶሮው ሊገነጠል፣ ሽንኩርቱ ሊከተፍ፣ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሊታደር። ግን ቀድሞ የሚመረጥበት ጣቢያ ከኤፕሪል 22 እስከ 30 ክፍት ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ገና ሆሳዕና አልደረሰም። ሰበብ ላለመስጠት ነው የምነግራችሁ።

ደግሞ ድምፅ መስጫው ቀን የነገሩ ጅራት ነው። ዳላስ ውስጥ ከምርጫው ብዙ ወራት አስቀድሞ የምክር ቤት አባላት የሚሾሟቸው ነዋሪዎች ያሉበት የቦንድ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ በየሰፈሩ ስብሰባ ይጠራል፤ ምን ይሠራ፣ የቱ ይቅደም ይባላል። የተሰነጠቀ አስፋልት፣ የጠፋ የእግረኛ መንገድ፣ ውሃ የሚተኛበት መስቀለኛ ለከተማው 311 ደውሎ ያስመዘገበ ሰው ችግሩ በከተማው የሥራ ዝርዝር ውስጥ የመግባት ዕድል አለው። ያልደወለ ዕድሉ ያነሰ ነው። ቦንዱ ከጸደቀ በኋላም በር አይዘጋም፤ ንድፍ ሲነደፍ እንደገና ስብሰባ ይጠራል። ንድፉ ሠላሳ በመቶ ላይ ሳለ የፓርኪንግ መግቢያ ማንቀሳቀስ የእርሳስ ሥራ ነው። ዘጠና በመቶ ላይ ሲደርስ ገንዘብ ይጠይቃል። ብርቱካናማው ኮን ከተተከለ በኋላ የሚመጣ ሰው ሠርጉ ካለቀ በኋላ ጥሎሽ የሚጠይቅ ነው።

“ሲቲዝን አይደለሁም” ትላላችሁ። ድምፅ ለመስጠት አዎ፣ ዜግነት ያስፈልጋል። አስተያየት ለመስጠት ግን ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም፤ ግሪን ካርድ ያለውም፣ አሳይለም የጠየቀውም ማይክራፎን ፊት ቆሞ መናገር፣ ወይም ጽፎ መላክ ይችላል። “እንግሊዝኛዬ አይረባም” ትላላችሁ። ከ2019 ጀምሮ የቴክሳስ ሕግ አጀንዳ ላይ ባለ ጉዳይ ውሳኔ ሳይሰጥ ሕዝቡ የመናገር ዕድል እንዲሰጠው ያስገድዳል፤ በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ደግሞ ቢያንስ እጥፍ ጊዜ ይሰጠዋል። ሦስት ደቂቃው ስድስት ይሆናል ማለት ነው። አንደበተ ርቱዕ ከሆነው ቴክሳሳዊ ይልቅ የእኛ እትዬ ብዙ ጊዜ አላቸው! “ሺፍት አለኝ” የምትሉትን ብቻ እሰማለሁ፤ የዳላስ ምክር ቤት የሚሰበሰበው ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ያ ለኤርፖርት ሠራተኛም ለነርስ ረዳትም ከባድ ነው። ኢሜይል ግን በብሬክ ሰዓት ይጻፋል። ለዚያ ለቲክቶክ ላይቭ የሚተርፍ ሌሊት አላችሁ።

በጣም የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ስትፈርስ፣ በኋላም ካዛንቺስ ስትነሣ፣ እዚህ ያለነው ሰዎች ደማችን ፈላ። “ሕዝቡ መቼ ተጠየቀ?” አልን። ትክክል ብለናል፤ አሁንም እላለሁ። ግን ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ የነበረው “ምን ትላላችሁ?” ብሎ ካርድ ለሚልክልን ከተማ ጀርባ ሰጥተን ነው። አዲስ አበባ ያለው ዘመዳችን ቢናገር የሚሰማው የለም። እኛ እንድንናገር ወንበር ተዘርግቶልን፣ ውሃና ኩኪስ ቀርቦልን፣ ቀረን።

እንዲህም አልነበርን። ኮብልስቶን በየሰፈሩ ሲነጠፍ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ነዋሪው አዋጥቶ፣ ኮሚቴ መርጦ ነበር። የእኛ ሰፈር እናቶች ነጠላቸውን አደግድገው ፎርማኑ አናት ላይ ቆመው “ይሄ ቦይ በዚህ ከወረደ ክረምት ላይ ውሃው እነእንትና ቤት ነው የሚገባው!” ሲሉ እሰማቸው ነበር። ፎርማኑ ይነጫነጫል፣ ግን ቦዩን ያዞረዋል። ሰው የገባበት፣ የተጨቃጨቀበት መንገድ ነበር። እነዚያ ሴቶች ዛሬ እዚህ ልጅ ሊጠብቁ መጥተው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእኛ ከልጆቻቸው ይልቅ ሲቲ ሆል መሄድ የሚገባቸው እነሱ ነበሩ።

የማኅበር መሪዎችንም ሳልነካ አላልፍም። እድር ለቀረ ሰው ቅጣት ይቆርጣል፤ ስለ ቦንድ ስብሰባ ግን ማስታወቂያ እንኳ አይነገርም። በየዓመቱ በጁላይ የሚደረገው የአበሻ ኳስ ውድድር ሲመጣ ትራንስፖርት፣ ሆቴልና ድንኳን በሳምንት የሚያደራጁ ወጣቶች አሉን፤ ከእነሱ አንዱ የከተማውን ካርድ ቢያነብና በአማርኛ ቴሌግራም ላይ ቢለጥፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ላይ የምክር ቤት አባል እንጋብዛለን፤ ጋቢ እናለብሳለን፤ ዳቦ እናስቆርሳለን፤ ፎቶ እንነሣለን፤ ሰውየው “እንኳን አደረሳችሁ” ለማለት ሞክሮ እናጨበጭብለታለን። መስከረም ላይ ሲመጣ ጋቢው ከመድረቡ በፊት፣ ከእኛ ሱቆች ፊት የሚያልፉት የትኞቹ መንገዶች በቦንዱ ውስጥ እንዳሉ፣ ንድፋቸውም ስንት በመቶ ላይ እንደደረሰ ጠይቁት። ካላወቀ ጋቢውን አጣጥፋችሁ ያዙና፣ መልሱን ይዞ ሲመጣ አልብሱት።