የሮቦቲክስ ሽልማት የዩኒቨርሲቲ በር ይከፍታልን? ከዱብቲ የተነሣ ጥያቄ

የተማሪዎች የሮቦቲክስና የፈጠራ ሥራ ውድድሮች በሀገራችን እየተስፋፉ በመጡ ቁጥር፣ በውድድር የተገኘ ሜዳሊያ ወይም የምስክር ወረቀት ዩኒቨርሲቲ ለመግባትና የትምህርት ወጪን ለመሸፈን ምን ያህል ያግዛል የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ጥያቄው ለአዲስ አበባ ተማሪ አንድ መልክ፣ በአፋር ክልል ከሰመራ አጠገብ በአዋሽ ዳር ለምትገኘው ለዱብቲ ከተማ ተማሪ ደግሞ ሌላ መልክ አለው።

የሀገር ውስጡ መልስ አጭር ነው። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግባት የሚወሰነው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ ሽልማት በፈተናው ውጤት ላይ የሚደመር ነጥብ አያስገኝም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። በእነዚህ ዓመታት ሮቦት የሠራም ያልሠራም ተማሪ ያለፈው በዚሁ አንድ ጠባብ በር ነው። ራስ ገዝ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ቢሰጡም፣ እነርሱም ቢሆኑ የሚመዝኑት በፈተና ነው።

የወጪውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ በ1990ዎቹ አጋማሽ በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የምግብና የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ክፍል ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ይከፍላል። ሥርዓቱ በችሎታ ሽልማት ላይ የተመሠረተ ቅናሽን አያውቅም።

ሽልማት ክብደት የሚኖረው ከሀገር ውጭ ላሉ ተቋማት ሲያመለክቱ ነው፤ በዚያም ቢሆን ብዙዎች በሚገምቱት መንገድ አይደለም። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊው የፈጠራ ሰው በዲን ኬመን የተመሠረተው ፈርስት የተባለው ድርጅት ለውድድሮቹ ተሳታፊዎች ክፍት የሆኑ፣ በልዩ ልዩ ኮሌጆች የሚሰጡ የነፃ ትምህርት ዕድሎችን በየዓመቱ ያስተዋውቃል። በአንጻሩ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሽልማት ብሎ አንድም ዶላር አይሰጥም፤ ድጋፉ የሚሰላው በቤተሰብ አቅም ብቻ ነው። የውጭ ሀገር ተማሪንም ሲቀበል የመክፈል አቅሙን በመመዘኛነት አይወስድም። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን አመልካቾች በእጃቸው የሠሩትን ሥራ በምስልና በአጭር ቪዲዮ እንዲያቀርቡ አማራጭ ከፍቷል። በሌላ አነጋገር ሥራው ለመግባት ይረዳል፤ ገንዘቡን የሚያመጣው ግን የቤተሰቡ የገቢ ማስረጃ ነው። ተቋሙ የኤስኤቲ ወይም የኤሲቲ ፈተና ውጤትንም መልሶ አስገዳጅ ስላደረገ፣ ሜዳሊያው ከሒሳብ ፈተና አያስመልጥም።

ይህ ልዩነት ለዱብቲ ተማሪ ትልቅ ትርጉም አለው። ውድድሮቹ በአመዛኙ የሚካሄዱት ወደ 600 ኪሎ ሜትር በሚርቀው አዲስ አበባ ነው። መለዋወጫና የሴንሰር ዕቃም የሚገኘው እዚያው ነው። የውሎ አበልና የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፍንለት ያጣ ቡድን ሜዳ ላይ ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ «ሽልማት ለምደባ ይታሰብ» የሚለው ሐሳብ፣ በቅን ልቡና ቢነሣም፣ አሁን ባለው ሁኔታ ተግባራዊ ቢሆን ዕድሉ ይበልጥ የሚሰፋው ዕቃውም አሠልጣኙም በቅርብ ላለው የከተማ ተማሪ ነው። ከአርብቶ አደር አካባቢ ለሚመጡ ተማሪዎች በአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) ፕሮግራም መቁረጫ ነጥብ ላይ የሚደረገው ልዩ ትኩረት ሊያጠበው የሞከረውን ክፍተት ሽልማቱ በሌላ በኩል መልሶ ሊያሰፋው ይችላል።

ሆኖም የተሠራ ሥራን ማሳየት ከተፈለገ ዱብቲ ችግር ፍለጋ ሩቅ የምትሄድ ከተማ አይደለችም። አዋሽ በክረምት ሲሞላ ማሳንና መንደርን ያጥለቀልቃል፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በሺዎች የሚቆጠሩ የክልሉን ነዋሪዎች አፈናቅሏል። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ቁጥቋጦ የግጦሽ መሬቱን እየዋጠ ነው። ሙቀቱ በበጋው መጨረሻ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የወንዙን ከፍታ እየለካ መልእክት የሚልክ ቀላል መሣሪያ፣ ወይም የተንዳሆ አካባቢ የመስኖ ቦይን የሚቆጣጠር በር፣ መስመር ተከትሎ ከሚሄድ የውድድር ሮቦት ይልቅ ለአንድ የቅበላ መኮንን የሚናገረው ብዙ ነው። ሥራው ሽልማት ባያገኝም እንኳ ማስታወሻው፣ ፎቶግራፉና የመምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይቀራሉ።

የጊዜው ጉዳይ ግን መታለፍ የለበትም። በ12ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ለውድድር የሚውል እያንዳንዱ ሳምንት ከፈተናው ዝግጅት የሚቀነስ ነው፤ በሀገር ውስጥም ለዚያ ሳምንት የሚከፈል ማካካሻ የለም። የሮቦቲክስ ክበብ ያላቸው ወይም ሊያቋቁሙ ያሰቡ ትምህርት ቤቶች የክበቡን ዋና ሥራ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ባለው ጊዜ ቢያጠናቅቁ፣ ተማሪው ከሁለት አንዱን ለመምረጥ አይገደድም። ሰመራ ዩኒቨርሲቲም ከዱብቲ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ይገኛል፤ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራዎች በቅዳሜና በክረምት ለአካባቢው ተማሪዎች ክፍት የሚሆኑበት አሠራር፣ አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ ከሚመለስ አንድ ቡድን ይልቅ ብዙ ተማሪዎችን ከዕቃው ጋር ያገናኛል።