እሷስ ምን አለች?

በየክፍሉ ተረት ሲተረክ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ጀግናው ማን ነው? ምን ሠራ? በመጨረሻ ምን ሆነ? ጥያቄው ክፉ አይደለም። ብቻውን ሲቀር ግን ከተረቱ ሰዎች እኩሌታውን ያስረሳል። የግሪክን አፈ ታሪክ ይዘው «እሷስ ምን አለች?» ብለው የጠየቁ ሴት ባለቅኔዎች አሉ። እኛም ይህ የባለቅኔ ብቻ ሳይሆን የመምህርም ጥያቄ ነው እንላለን። (የአገራችንን ሕጎች ዓመት በእኛ፣ የቀረውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።)

በሆሜር «ኦዲሲ» ፔኔሎፔ ባሏን ኦዲሴውስን ሃያ ዓመት ትጠብቃለች። አግቢን እያሉ የሚያስጨንቋትን ሰዎች፣ የአማቷን መግነዝ ሠርታ እስክትጨርስ እንዲታገሡ ለምና፣ ቀን የሸመነችውን ሌሊት እየፈታች ከሦስት ዓመት በላይ ታታልላቸዋለች። ታዲያ ይህች ብልኅ ሴት ገና በመጀመሪያው ክፍል በሰው ፊት ብትናገር፣ የገዛ ልጇ ንግግር የወንድ ነገር ነው ብሎ ወደ ፈትሏና ወደ ሽመናዋ ይመልሳታል።

አሜሪካዊቷ ኤድና ሴንት ቪንሰንት ሚሌይ፣ ከሞተች በኋላ በ1954 በወጣ መድበሏ ባለ አጭር ግጥም፣ አንዲት ሴት እንባዋን በሽርጧ ጫፍ ስትጠርግ ፔኔሎፔን ታስታውሳለች። ኦዲሴውስም በሰው ፊት እንዲሁ ያደርጋል፤ እሱ ግን ለታይታ ነው፤ ያውም ከሚስቱ የተማረውን። ከምር ያለቀሰችው እሷ ናት። ብሪታኒያዊቷ ካሮል አን ደፊ በ1999 ባሳተመችው «የዓለም ሚስት» በተባለው መድበል ደግሞ ፔኔሎፔ ጥልፍ ትጠልፋለች። ሥራው ውሎ አድሮ የራሷ ዓለም ይሆንና የባሏ ኮቴ ሲሰማ እንኳ ከመርፌዋ ቀና አትልም። ከሚሌይ በፊትም፣ በ1917፣ አሜሪካዊቷ ሂልዳ ዱሊትል ዩሪዲሲን አናግራለች። ባሏ ኦርፌውስ ከሙታን አገር ሊያወጣት ሲል፣ ዞረህ አትያት የተባለውን ትእዛዝ አፍርሶ ዳግመኛ አጥቷታል። ዓለም ለእሱ ሐዘን ሲዘምር ኖሯል። በዱሊትል ግጥም ግን የምትወቅሰው እሷ ናት፤ ምነው ዞረህ አየህ? ትለዋለች።

ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚነካው የፔርሴፎኔ ታሪክ ነው። አባቷ ዜውስ እናቷን ዴሜቴርን ሳያማክር ለገዛ ወንድሙ ለሐዴስ ፈቀዳት። ልጅቷ በመስክ አበባ ስትለቅም ሐዴስ ጠልፎ ወደ ሙታን አገር ወሰዳት። እናቷ እህል እንዳይበቅል ከልክላ ብታስመልሳትም፣ በዚያ የሮማን ፍሬ በመቅመሷ ከዓመቱ ሲሶውን እዚያው እንድትኖር ተፈረደባት። አንድ ነገር ልብ እንበል። ጥንታዊው የዴሜቴር መዝሙር ፍሬውን ሐዴስ በስውር እንደሰጣት ይተርካል። ልጅቷ ግን ለእናቷ ስትነግራት በግድ እንዳስቀመሳት ትናገራለች። ተራኪው ሌላ፣ ተጠላፊዋ ሌላ!

ሴቶቹ ባለቅኔዎች የቆሙት በዚህች ክፍተት ላይ ነው። አይርላንዳዊቷ ኢቫን ቦላንድ በ1994 ባሳተመችው መድበል፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ እንደ ልጅ፣ ኋላ እንደ እናት ገብታ፣ የተኛች ልጇን እያየች ላስጠንቅቃት ወይስ ዝም ልበል ትላለች። አሜሪካዊቷ ሪታ ደቭ «የእናት ፍቅር» በተባለው የ1995 መድበሏ ልጅቷን ወደ ዘመናችን ፓሪስ ታመጣታለች። በ2020 የኖቤልን ሽልማት ያገኘችው ሉዊዝ ግሊክ በ2006 በወጣው «አቬርኖ»፣ ሊቃውንት ተገዳ ነው ወይስ ፈቅዳ እያሉ በልጅቷ ላይ ሲከራከሩ ታሳየናለች።

«ይህ የግሪክ ተረት ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። እንዴ! ጠለፋ በእኛ አገር ተረት ነው እንዴ? በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን ኋላ ፈቅዳ አገባች ከተባለ ክሱ ይቀር ነበር። ፈቅዳ ማለት ምንድን ነው? ማንስ ጠየቃት? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን ለጠለፋ ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት ጽኑ እስራት ከመደንገጉም በላይ፣ በኋላ መጋባታቸው ጠላፊውን ከቅጣት እንደማያድነው ይናገራል። ነገ የፔርሴፎኔን ታሪክ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ነገሩን ከእህቷ ወይም ከጎረቤቷ የምታውቅ ተማሪ ልትኖር ትችላለች። አበባውንና የወቅቶችን መፈራረቅ ብቻ አስተምረን ከወጣን ያቺ ልጅ ከእኛ ምን ተማረች?

«የጥንቱን ታሪክ ማበላሸት ነው» የሚለውን ክርክር ግን አንቀበልም። ታሪኩን ማለዋወጥ የጀመሩት ግሪኮቹ ራሳቸው ናቸውና። ሔለን ወደ ትሮይ ጭራሹኑ አልሄደችም ያለው ጥንታዊው ባለቅኔ ስቴሲኮሮስ ነው፤ ኤውሪፒደስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ባሳየው ድራማ ሔለንን ግብፅ አኑሯታል። ሴቲቱ ሳፎም ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት፣ ሔለን የሄደችው የወደደችውን ተከትላ ነው ብላ ገጥማለች። ስለዚህ የዛሬዎቹ ባለቅኔዎች በጥንቱ መንገድ የሚሄዱ እንጂ መንገድ የሚያበላሹ አይደሉም።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ለሰነፍ መደበቂያ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ደፊ ፔኔሎፔን ማናገር የቻለችው ሆሜርን ስለምታውቅ ነው። ስለዚህ በማስተማር ልምምዳችን መጀመሪያ ታሪኩ እንዳለ ይነበብ። ቀጥሎ ተማሪዎች ማን እንደተናገረ፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን ሳይጠየቅ እንደተወሰነበት ይዘርዝሩ። በመጨረሻም ወንዱም ሴቷም ዝም ባለችው ሰው አፍ ዐሥር መስመር ይጻፉ። ወንዶቹ ይህን መጻፋቸው ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ነው፤ በሌላ ሰው ቦታ ቆሞ ማሰብ በትእዛዝ አይመጣም፣ በልምምድ እንጂ።

ታሪኩን አሳምሮ መተረክ መምህርን አያስመሰግነውም አንልም። ግን ተርኮ ሲጨርስ ጠመኔውን ከማስቀመጡ በፊት አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ እሷስ ምን አለች?