ዳር የቆመው አጥቂ

ገና ሲቃረብ በፎገራ ሜዳ የሩዙ አጨዳ ወደ ማለቁ ነው። ወረታ ዳርቻ ባለ የግጦሽ መሬት ላይ የላይና የታች ሰፈር ጎረምሶች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው የገና ጨዋታ ይገጥማሉ። ጨዋታውን እወደዋለሁ፤ አጨዋወቱ ግን ያንገበግበኛል። ሩሯ፣ ማለትም ኳሷ፣ ወዳለችበት ሁሉም ይተማል፣ አቧራው ይጨሳል፣ ዱላ ከዱላ ይጋጫል። በመጨረሻ ክንደ ብርቱው አሽቀንጥሮ ያወጣታል፤ እልልታውም የሱ ነው።

አንድ ልጅ ብቻ ከግርግሩ ርቆ በግራ በኩል ቆሟል። «አንተ፣ ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ!» አሉት አንድ አባት። አፍሮ ገባ። ወዲያው ሩሯ እሱ ወደለቀቀው ስፍራ ተፈናጥራ ወጣች፤ የሚቀበላት ጠፋ።

መልሶ ማጥቃት የሚባለው ነገር እኮ የሚያምረው በዚህ ልጅ ነው። ሲያጠቃ የነበረ ቡድን ኳስ ሲነጠቅ ተከላካዮቹ ወደፊት ወጥተዋል፣ ተበትነዋልም። ለመመለስ ጥቂት ሰከንዶች ይበቋቸዋል። ስለዚህ ነጣቂው ገና ሳይነጥቅ ወዴት እንደሚልካት ማየት አለበት፤ ተቀባዩም ቀድሞ እዚያ መገኘት። የሜዳ ሆኪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኦፍሳይድን ካስቀረ ወዲህ አጥቂ ግቡ አጠገብ ሆኖ ቢጠብቅ ከልካይ የለውም። የሰፈር ገና ይህ ነጻነት ድሮም አለው፤ አልተጠቀመበትም እንጂ።

የሆኪን ልምምድ እንዳለ መገልበጥም አያዋጣም። የኦሊምፒክ ሆኪ እ.ኤ.አ. ከ1976ቱ ሞንትሪያል ጀምሮ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው፤ ኳሷ ትንሸራተታለች። ፎገራ ግን መረሬ ነው። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በመሬት የተላከች ረጅም ኳስ ስንጥቁ ውስጥ ትቀረቀራለች፣ ወይም ባልታሰበ በኩል ትዘላለች። እዚህ የሚያዋጣው ሁለት አጫጭር ቅብብል አድርጎ ከግርግሩ መውጣት፣ ሦስተኛዋን ወደ ባዶው ሜዳ አጥብቆ መምታት ነው። ተቀባዩም ዱላውን ብቻ ሳያምን ሰውነቱን ከኳሷ ጀርባ ያድርግ።

የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን ከባህል ስፖርቶች አንዱ አድርጎ ሕግ አውጥቶለታል። ለሕጉ ተስማሚ የሆነ ልምምድ ግን ያንሰናል። እኔ ብሆን አራት አጥቂ በሦስት ተከላካይ ላይ አሰልፍና ኳሷ በተነጠቀች ቅጽበት እስከ ስድስት እቆጥራለሁ። እስከዚያ ወደ ግብ ካልተመታች ፊሽካ፤ ኳሷም ለተነጠቀው ትመለሳለች። ሁለት ልጅ ከኋላ ሳያስቀሩ ይህን ማጥቃት በግጥሚያ መሞከር ግን ቅብጠት ነው፤ የተበላሸች ቅብብል ተገልብጣ በራስ ግብ ትቆጠራለች።