ኮርቬት፦ 186 የፈረስ ጉልበት ለአንድ ሰከንድ ተኩል?

የመኪና ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ "ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?" የሚለው ነው። ልክ ተጨዋች ሲዛወር "ስንት ሚሊዮን ተከፈለበት?" እንደሚባለው ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ ከሄድን የአሜሪካዊው ሼቭሮሌት ኮርቬት ነገር ብዙም አያከራክርም። በ2025 ይፋ የሆነው ዜድ አር ዋን ኤክስ 1250 የፈረስ ጉልበት አለውና ጨዋታው በቃ አለቀ። ግን እውነት አለቀ እንዴ?

እስቲ ከታች እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ስምንተኛው ትውልድ ኮርቬት ከፊት የነበረውን ሞተር ከሹፌሩ ጀርባ አስቀመጠው። ለገበያ በቀረበ ኮርቬት ይህ የመጀመሪያው ነበር። መነሻው ሞዴል ስቲንግሬይ 6.2 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ሲወጣ ጉልበቱ 490 ሲሆን ዜድ 51 የተባለው ጥቅል ሲጨመርበት 495 ይደርሳል። ከነጥቅሉ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ለመግባት 2.9 ሰከንድ ይበቃዋል ይላል ኩባንያው።

ከዚህ በላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ዜድ ኦ ሲክስ 5.5 ሊትር ሞተሩ ያለ ምንም ቱርቦ 670 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በደቂቃ እስከ 8600 ዙር ይጮሃል። ኢ ሬይ በበኩሉ የስቲንግሬይን ሞተር ይዞ ከፊት 160 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ተጨምሮለታል። ድምሩ 655 ነው። በቁጥር ከዜድ ኦ ሲክስ በ15 ያንሳል፣ በክብደት ደግሞ ከመቶ ኪሎ በላይ ይበልጣል። ታዲያ ሲነሱ ማን ይቀድማል? ኢ ሬይ! 2.5 ሰከንድ ለ2.6። ምክንያቱም አራቱም ጎማዎች አስፋልቱን ይይዛሉ። ዜድ ኦ ሲክስ ግን ያንን ሁሉ ጉልበት በሁለት የኋላ ጎማ ብቻ ማውረድ አለበት።

ትልቁ ፈተና በጀርመኑ ኑርበርግሪንግ የታየው ነው። 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ መንገድ ከ70 በላይ መታጠፊያ አለው። በ2025 ይፋ በሆነው ሰዓት ዜድ ኦ ሲክስ በ7 ደቂቃ ከ11.8 ሰከንድ ገባ። ሁለት ቱርቦ ያለው ባለ 1064ቱ ዜድ አር ዋን 6 ከ50.7 ሲገባ፣ በዚሁ ላይ ከፊት ባለ 186 የፈረስ ጉልበት የኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመለት ዜድ አር ዋን ኤክስ 6 ከ49.2 ሆነ። 186 የፈረስ ጉልበት ተጨምሮ የተገኘው አንድ ሰከንድ ተኩል ነው! በቀጥታ መንገድ ግን ልዩነቱ በደንብ ይታያል፤ ኤክሱ 97 ኪሎ ሜትር ለመግባት ከሁለት ሰከንድ በታች ይፈጅበታል። መታጠፊያ ሲበዛ የባትሪውና የሞተሩ ክብደት ሂሳቡን ይጠይቃል፣ ነዳጁንም እስከ መጨረሻው የሚረግጡበት ቦታ ያንሳል።

የኮርቬት ደጋፊዎች ቅር እንዳይላቸው እንጂ የፎርድ ሙስታንግ ጂ ቲ ዲ በ815 የፈረስ ጉልበት ብቻ በ6 ከ52.0 ገብቷል። 435 ያህል የበለጠ ጉልበት ያለው ኮርቬት የቀደመው በሦስት ሰከንድ እንኳን በማይሞላ ልዩነት ነው። እንደኔ እንደኔ ከዚህ ፉክክር አሸናፊው ሰዓት ቢሆንም የተደነቀው መሐንዲስ የሙስታንጉ ነው።

ሌላም አለ። ኮርቬት በ2023 ለ ማንስ 24 ሰዓት ላይ በጂ ቲ ኢ አማተር ምድብ ያሸነፈበት ሲ ኤይት አር የውድድር መኪና ጉልበቱ 500 አካባቢ ነበር። ደንቡ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ስለሚገድብ በመንገድ ላይ ከሚሸጠው ዜድ ኦ ሲክስ ያነሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሞዴሎቹ አንዱን ምረጥ ብባል ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውን ትተን ዜድ ኦ ሲክስን እወስዳለሁ። ያ የሞተር ድምፅ በቱርቦም በባትሪም አይገኝም።